አረንጓዴውን ጨርቅ ማን ጠረገው?

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ሰፈራችን ካለ አንድ ፑል ቤት ጎራ አልን። (ሴቶች ፑል ቤት ምን ይሠራሉ የምትሉ ካላችሁ፣ መልሱ አጭር ነው፦ እንሸነፋለን!) የለስላሳ ጠርሙሳችንን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ከማስቀመጣችን የቤቱ ልጅ ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ «እህቶቼ፣ በናታችሁ እሱ ላይ አታድርጉት!» አለን። ጠርሙሱን አነሳና ብሩሹን ይዞ ጨርቁን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይጠርግ ጀመር። መጀመሪያ ተናደድን፣ ቀጥሎ አፈርን። ቤት ገብተን ስናነብ ደግሞ ጭራሽ ገረመን። ለካ ያ ብሩሽ ረጅም ታሪክ አለው!

ነገሩ የሚጀምረው ከሣር ነው። የአውሮፓ መኳንንት ቢሊያርድን የሚመስል ጨዋታ መስክ ላይ ይጫወቱ ነበር፤ ኳስ በዱላ እየገፉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጨዋታው ቤት ገባ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛም የራሱ ጠረጴዛ ነበረው። መስኩን ተሸክሞ መግባት ስለማይቻል ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጠፈ። እንግዲህ ብሩሽ የያዘው ልጅ የአትክልተኛው ወራሽ ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791 ቪየና ውስጥ ሲሞት ንብረቱ ተመዘገበ። ከዝርዝሩ ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ከ5 ኳሶች፣ ከ12 ዱላዎች፣ ከአንድ ፋኖስና ከ4 መቅረዞች ጋር ይገኛል። ሻማና የሱፍ ጨርቅ አንድ ክፍል ውስጥ! ሰሙ ጠብ ባለ ቁጥር ማን ፈቅፍቆ እንዳነሳው ግን ዝርዝሩ አይነግረንም።

ቀጥሎ የመጡትን ሰዎች ታሪክ በስም ያውቃቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ሜንጎ የዱላውን ጫፍ ቆዳ አለበሰው። እ.ኤ.አ. በ1826 እንግሊዛዊው ጆን ቴርስተን ከጨርቁ ሥር የነበረውን እንጨት በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ተካው። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ አሜሪካውያኑ ተጫዋቹ ዊልያም ስፒንክስና ኬሚስቱ ዊልያም ሆስኪንስ ለአዲስ ዓይነት ጠመኔ የፈጠራ መብት አገኙ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጠመኔ እንበለው እንጂ ዋናው ነገሩ ሲሊካ የተባለ ጠንካራ ማዕድን ነው። ዱላው እንዳይንሸራተት፣ ኳሱም እንዲሾር የሚያደርገው ይኸው ሻካራነቱ ነው። ዱቄቱ ጨርቁ ላይ ሲቀር ግን ኳሱ በላዩ በተንከባለለ ቁጥር እንደ አሸዋ ወረቀት የሱፉን ክር ይበላዋል። ጨዋታውን ያሳመረው ፈጠራ ጨርቁን የሚጨርስ ጠላት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጥረግ ለዓይን ማማር ብቻ አይደለም፤ የጨርቁ ዕድሜ ነው።

አጠራረጉም የራሱ ሕግ አለው። የስኑከር ጨርቅ እንደ ድመት ገላ ወደ አንድ ወገን የተኛ ጸጉር አለው፤ ተጫዋቹ ጨዋታውን ከሚጀምርበት ጫፍ ወደ ጥቁሯ ኳስ ይተኛል። ብሩሹም፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ለብ ያለ ካውያም ቀጥ ብለው በዚያው አቅጣጫ ይሄዳሉ። በተቃራኒው የጠረገ ሰው ጸጉሩን ያቆመዋል፤ ቀስ ብላ የምትሄድ ኳስም መንገዷን ትስታለች። ከረምቡላና ብዙ የፑል ጠረጴዛዎች ደግሞ ጸጉር አልባ፣ ጥብቅ ተደርጎ የተሸመነ ጨርቅ ይለብሳሉ። እሱን ከጠረጉ በኋላ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ማበስ ይቻላል። መጠጥ ከፈሰሰ ግን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያሉ ማስመጠጥ እንጂ ማሸት የለም፤ ማሸት እድፉን ያሰፋዋል።

ከረምቡላ ስንል ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጨዋታውም ቃሉም ሰፈራችን ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። ጨርቁ ግን ብዙ ቦታ በፕላስተር ተለጥፎ፣ በሲጋራ ተበስቶ እናየዋለን። «የቤቱ ነው፣ ምን አገባን!» እንላለን። ኳሷ ዞራ ስትሄድብን ግን የምንራገመው ጠረጴዛውን ነው። የራሳችንን ጠርሙስ ማን አስታወሰው?

ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እያልን እንድንጠይቅ ተምረናል። ያን ቀን ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንጫወት የልጁን ስም እንኳ አልጠየቅንም። ስለ ሞዛርት ቤት ሻማ ዛሬ የማናውቀውም እንዲህ ያለ ጠያቂ ስለጠፋ ይሆናል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን እንሄዳለን። መጀመሪያ ስሙን እንጠይቀዋለን፤ ከዚያ ብሩሹን ተቀብለን አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ እንጠርጋለን። ከዚያም እንደ ልማዳችን እንሸነፋለን።