ጭንቅላቱ የሚከብድ የባድሜንተን ራኬት

ጭንቅላቱ የሚከብድ ራኬት ሚዛኑ ከእጀታው ይልቅ ክር ወደተወጠረበት ክፍል የሚያጋድል የባድሜንተን ራኬት ነው። ተጫዋቾች የሚመርጡት በዋናነት ከሜዳው ጀርባ ለሚሰነዘር ኃይለኛ ምት ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ መውጫ በሚገኘው የፋብሪካዎች ክፍለ ከተማ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ግን ምርጫው በባሕር ዳርቻ ከተሞች እንዳለው አይደለም፤ የደጋው ስስ አየር ከራኬቱ የሚጠበቀውን ኃይል በከፊል ራሱ ይሰጣል።

ራኬቱን ለመለየት ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ አጋድሞ ወዲህም ወዲያም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ነጥብ መፈለግ፣ ከዚያም ከእጀታው ጫፍ እስከ ነጥቡ ያለውን ርቀት መለካት ይበቃል። ርቀቱ ከ285 እስከ 295 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ሚዛኑ እኩል ነው ይባላል፤ ከዚያ ካለፈ ጭንቅላቱ ይከብዳል። ወሰኑ በየአምራቹ ጥቂት ይለያያል። ክሩ ጥቂት ግራም ብቻ ቢመዝንም ክብደቱ በሙሉ ጭንቅላቱ ላይ ስለሚያርፍ ነጥቡን ወደ ላይ ይገፋዋል። እጀታው ላይ የሚጠቀለል ተጨማሪ መያዣ ደግሞ ወደ ታች ይመልሰዋል። ስለዚህ ገዢ ሱቅ ውስጥ ያለ ክር የሞከረው ራኬት ሜዳ ላይ ሌላ ሆኖ ቢያገኘው አይገርምም።

አጠቃላይ ክብደት ሌላ ጉዳይ ነው። 4ዩ የሚል ምልክት ያለው ራኬት ከ80 እስከ 84 ግራም፣ 3ዩ የሚለው ከ85 እስከ 89 ግራም ይመዝናል፤ ሁለቱም ጭንቅላታቸው የከበደ ሊሆኑ ይችላሉ። የዮኔክስ አስትሮክስና የቪክተር ትረስተር ሞዴሎች በዚህ ወገን የታወቁ ናቸው።

ጥቅሙ ከመዞር ኃይል የሚመጣ ነው። ክብደቱ ከእጅ በራቀ መጠን ራኬቱን ለማስነሳት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ አንዴ ፍጥነት ከያዘ ግን በቀላሉ አይገታም፣ የሚመታውን ኳስ፣ ሻትሉን፣ ገፍቶ ይሄዳል። ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት) የሚወድ ነጠላ ተጫዋችና በጥንድ ጨዋታ ከኋላ የሚቆመው የሚፈልጉት ይህን ነው። ከመረቡ አጠገብ የሚቆመው ጓደኛው ግን ራኬቱን በቅጽበት ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ስላለበት እጀታው የሚከብድ ይሻለዋል። ትከሻውና የክንዱ አዟዟር ገና ያልጠነከረ ጀማሪ ጭንቅላቱ በሚከብድ ራኬት ሲዘገይ፣ የዘገየበትን ለመካስ በክርን መጎተት ይለምዳል፤ የክርን ሕመም የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሻትል ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 16 ላባ የተተከለበት ነገር ነው፤ ፍጥነቱን የሚገታውም አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ፍሬኑ ይላላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የኋላ መስመር ላይ የሚያርፍ ምት እዚህ ከሜዳ ይወጣል።

የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን ሕግ ይህን ያውቃል። ከአንዱ የኋላ መስመር ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል የተመታ ትክክለኛ ሻትል ከሌላኛው የኋላ መስመር ከ530 እስከ 990 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ማረፍ አለበት። ከፍታ ወይም የአየር ጠባይ የተለመደውን ሻትል የማይመች ካደረገው የአገሩ ፌዴሬሽን ፈቅዶ ማስተካከያ ሊደረግበት ይችላል። የላባ ሻትል ፍጥነት ብዙ ጊዜ በቁጥር ይገለጻል፤ ለባሕር ወለል 77 የተለመደ ሲሆን ለደጋ 75 ወይም ከዚያ ያነሰው ይመረጣል። በናይለን ሻትል ደግሞ አረንጓዴ ቀለበት ቀርፋፋ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን ማለት ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. የ2012ን የአፍሪካ ባድሜንተን ሻምፒዮና ስታስተናግድ ከቆላ አገር የመጡት ተጫዋቾች የተጫወቱት በዚሁ ስስ አየር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለአቃቂ ተጫዋች ከራኬቱ በፊት ሻትሉ ይቀድማል። በሰማያዊ ወይም በቀይ ናይለን የሚጫወት ሰው ርዝመት አያጣም፤ ጭንቅላቱ በጣም የከበደ ራኬት ሲጨምርበት ምቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ለከፍታው የሚስማማ ቀርፋፋ ሻትል ሲገኝ ግን የራኬቱ ጥቅም ይመለሳል። ሌላም አለ፤ እዚህ የተቃራኒ ስማሽ በመንገዱ ላይ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በዝግታ ስለሆነ መከላከል ይከብዳል፣ ለመከላከል ደግሞ ቶሎ የሚነሳ ራኬት ያስፈልጋል። ጭንቅላቱ በመጠኑ ብቻ የከበደ 4ዩ ለደጋው የተሻለ መነሻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጭንቅላቱ ካልከበደ ፈጣን ምት የለም የሚለው እምነትም ልክ አይደለም። ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር የሆነውን የጊነስ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ጭንቅላቱ በሚቀል ዮኔክስ ናኖፍሌር 1000 ዚ ነበር። ክብደት ለምቱ ግፊት ይሰጣል፤ ፍጥነቱን የሚሰጠው ግን የመቺው ክንድ ነው።