ካዛብላንካ (ፊልም)

ካዛብላንካ በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ የፍቅር ፊልም ነው። የዋርነር ብራዘርስ ሥራ ሲሆን ዳይሬክተሩ ማይክል ከርቲዝ፣ ዋና ተዋንያኑ ሃምፍሪ ቦጋርትና ኢንግሪድ በርግማን ናቸው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1941 መጨረሻ፣ ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት በሚቆጣጠራት የሞሮኮ ከተማ በካዛብላንካ ነው። ከአውሮፓ የሸሹ ስደተኞች በሊዝበን በኩል አሜሪካ ለመግባት የመውጫ ፈቃድ ይጠብቃሉ። የቡና ቤቱ ባለቤት ሪክ ሁለት የይለፍ ወረቀቶች እጁ በገቡበት ምሽት፣ ፓሪስ ላይ ጥላው የቀረችው ኢልሳ ናዚዎች ከሚያሳድዱት ባሏ ከቪክቶር ላስሎ ጋር ትመጣለች። ወረቀቶቹ የሚያወጡት ሁለት ሰው ብቻ ነው።

የታሪኩ ደካማ ጎንም እነዚሁ ወረቀቶች ናቸው። ማንም ሊሽራቸው አይችልም ይባላል፤ በእውነቱ ግን እንዲህ ያለ ሰነድ አልነበረም፤ ቢኖርም የናዚ መኮንን ለአንድ ፊርማ ብሎ ጠላቱን አይለቅም። ከማጎሪያ ካምፕ ያመለጠው ላስሎም በነጣ ሙሉ ልብስ አጊጦ በአደባባይ ይታያል። ቀረጻው ሲጀመር ጽሑፉ ገና አላለቀም ነበር። ሆኖም ተመልካች የበርግማንን ፊት እያየ ስለ ሰነድ አይጠይቅም፤ የስደተኞቹ ጭንቀትም የፈጠራ ብቻ አልነበረም። የናዚውን ሻለቃ የተጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ከናዚ ጀርመን የሸሸ ሰው ነበር።

ፊልሙ በ1944 በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተርነትና በፊልም ጽሑፍ 3 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል።