ሽፈራው፣ ኩላሊትና የማይሰማው ድምፅ

ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ዘመድ ሁለት ነገር ሳይዝ አይመጣም፦ ሙዝና ሽፈራው። ሙዙ ያለ ምክር ይበላል። የሽፈራው ዱቄት ግን በላስቲክ ታስሮ ከነትእዛዙ ነው የሚሰጠን፦ «ለስኳር ነው፣ ለግፊት ነው፣ ለኩላሊትም ፍቱን ነው።» ዛሬ የምናነሳው የመጨረሻዋን ናት። ኩላሊትን ይጠብቃል የሚባለው ከየት መጣ? ማንስ አየው?

ከዛፉ እንጀምር። ጋሞዎች ሀሌኮ ይሉታል። በጋሞም በኮንሶም ገበሬው እማሳው ውስጥና ደጁ ላይ ተክሎ፣ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅሎ ከእህል ጋር ሲበላው ኖሯል። ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የሚለው ሳይንሳዊ ስም የወጣለት በ1957 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ገበሬው ግን ስሙ እስኪወጣለት አልጠበቀም።

ቀጥሎ ዛፉ ላቦራቶሪ ገባ። በ1997 እያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው የቅጠሉ ጭማቂ የጥንቸሎችን የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ አሳተሙ። በ2012 ደግሞ ሌላ የአገራችን ቡድን በጊኒ ፒጎች ላይ የደም ግፊት እንደሚቀንስ ጻፈ። ስኳርና ግፊት ኩላሊትን ከሚያደክሙ በሽታዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ስለዚህ «ሁለቱን ካበረደ ኩላሊቱንም ይጠብቃል» ያለ ሰው አይፈረድበትም። መላ ምቱ ጥሩ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም።

በ2011 የታተመ ጥናት በቀጥታ ወደ ኩላሊቱ ሄዷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት የዓለምፀሐይ መኮንን ያሉበት ቡድን፣ ሽፈራው የተሰጣቸውን አይጦች ጉበትና ኩላሊት በማይክሮስኮፕ መረመረ። ጉዳት አላገኘም። ደስ ይላል! ግን ልብ በሉ፤ «አልጎዳም» ማለትና «ከጉዳት ይጠብቃል» ማለት ለየቅል ናቸው።

መጠበቁን ለማወቅ መጀመሪያ ጉዳት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ለእንስሳት ጄንታማይሲን በብዛት ይሰጣሉ፤ ይህ የታወቀ አንቲባዮቲክ ሲበዛ ኩላሊትን ይጎዳል። ከዚያ ግማሾቹን በሚሞከረው መድኃኒት ያክማሉ፣ ግማሾቹን ይተዋሉ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ኩላሊቱን በማይክሮስኮፕ ለማየት እንስሳው መሞት አለበት። የሞተ እንስሳ ደግሞ ትናንት እንዴት እንደነበረ፣ ነገ ይድን እንደነበረ አይናገርም። በደም የሚለካው ክሬያቲኒንም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው ከፍ የሚለው።

እዚህ ላይ አልትራሳውንድ ይገባል። በ1958 ኢያን ዶናልድ የተባለ የግላስጎው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሆድ ውስጥ ዕጢን ማየት እንደሚቻል አሳተመ። ድምፁ ይላካል፣ አካል ነክቶ ይመለሳል፣ ማሽኑ የገደል ማሚቶውን ሥዕል ያደርገዋል። ዛሬ እናቶቻችን ለእርግዝና የሚታዩበት መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው። ለአይጥ የሚሆነው ድምፁ እጅግ የቀጠነ ነው፤ ጥልቀት አይደርስም፣ ትንሹን ነገር ግን አጥርቶ ያሳያል። የኩላሊቱን መጠን፣ የቅርፊቱን ንጣት፣ በዶፕለር ደግሞ የደሙን ፍሰት። ዋናው ቁም ነገር ያው አንዱ እንስሳ ከመመረዙ በፊት፣ ሲታመምና ሲያገግም ደጋግሞ መታየቱ ነው። መድኃኒቱ ጠብቆት እንደሆነ ከራሱ ጋር ይነጻጸራል።

አልትራሳውንድ ሁሉን አያይም። የጀመረ ጉዳት ደህና መስሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ የደም ምርመራውና ማይክሮስኮፑ አብረውት ይሄዳሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? የጠቀስናቸው ሙከራዎች በጥንቸል፣ በጊኒ ፒግና በአይጥ ላይ የተደረጉ ናቸው። ገበያው ግን ሰውን ቀድሞ አሳምኗል። ኩላሊት ሲጎዳ አይጮህም፤ የግፊት ኪኒኑን ትቶ ዱቄቱን የያዘ ሰው ነገሩን የሚሰማው ከረፈደ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዲያሊሲስ ነው፤ ወጪውን የቀመሰ ያውቀዋል። ወይም ንቅለ ተከላ ነው፤ እሱም በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 ነው።

ሀሌኮን አንነካም። የጋሞ እናቶች ምግብ አድርገው ሰጥተውናል፣ ምግብ አድርገን እንብላው። መድኃኒት ነው የሚለን ግን የዳነውን ኩላሊት ያሳየን። ማየት ይቻላልና። እስከዚያው ኪኒኑን ያለ ሐኪም ማንም አይተው።

ቸር ያሰንብተን።