የሩዝ፣ የሽንኩርትና የካርታ ጨዋታ፦ ቁማርና የፋይናንስ ገበያ የተገናኙበት ታሪክ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት በመጣ ቁጥር ያጥለቀልቁታል፤ ውኃ የማይፈራው ሩዝ የአካባቢው ዋና ሰብል ለመሆን የበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። ሩዙ ሲነሣ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ፣ በመስኖ ደግሞ ሽንኩርት ይመረታል። የፎገራ አርሶ አደር ስለ መሬቱ፣ ስለ ዘሩና ስለ ውኃው ብዙ ያውቃል። ሽንኩርቱን በሚተክልበት ቀን ሊያውቀው የማይችለው ግን ምርቱ ሲደርስ የሚጠብቀውን ዋጋ ነው።

ያልታወቀን ነገር ገምቶ ገንዘብ ማዋል የነጋዴም የቁማርተኛም ሥራ ነው። የገበያና የቁማር ታሪክ በየዘመኑ ሲጠላለፍ የኖረው በዚህ የተነሣ ሲሆን፣ ከታወቁት መገናኛዎቻቸው መካከል ሁለቱ በፎገራ ማሳ ላይ የሚበቅሉት ሩዝና ሽንኩርት መሆናቸው የሚገርም ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ የጃፓን ነው። በኦሳካ ከተማ ዶጂማ በተባለ ሥፍራ፣ መሳፍንቱ በግብር የሰበሰቡት ሩዝ በመጋዘን ተከማችቶ ባለቤትነቱን በሚያረጋግጥ ወረቀት ይሸጥ ነበር። ውሎ አድሮ ነጋዴዎች ዋጋውን ዛሬ ቆርጠው ሒሳቡን ወደፊት የሚዘጉበት ውል ፈጠሩ። አብዛኛው ውል ሩዙ ከመጋዘን ሳይወጣ፣ የዋጋው ልዩነት ብቻ ተከፍሎ ያልቅ ስለነበር ገዥዎቹ ድርጊቱን ከቁማር ቆጥረው በተደጋጋሚ ከለከሉት። ይሁን እንጂ የሩዝ ዋጋ ወድቆ ደመወዛቸውን በሩዝ የሚቀበሉት ሳሙራዮች ሲቸገሩ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ በ1730 ገበያውን በይፋ ፈቀደ። ዶጂማ በዓለም የመጀመሪያው የተደራጀ የወደፊት ግብይት ገበያ ተደርጎ ይቆጠራል። የዕለቱ ዋጋ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በባንዲራ ምልክት ይተላለፍ ነበር፤ ስልክ ባልነበረበት ዘመን ለገበያ ዜና የተከፈለውን ድካም ያሳያል።

ፖከር ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ጨዋታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ አካባቢ ታውቆ፣ ጥጥና ነጋዴ በሚያመላልሱት የሚሲሲፒ ወንዝ የእንፋሎት መርከቦች ወደ ሰሜን ተሰራጨ። ከሌላው የካርታ ቁማር የሚለየው ተጫዋቹ ያልያዘውን እንደያዘ አስመስሎ ገንዘብ በመጨመር ባለጋራውን ከጨዋታው ማስወጣት መቻሉ ነው። እንግዲህ የሚያሸንፈው ጥሩ ካርታ የደረሰው ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ልብ ያነበበም ያሸንፋል። ገበያው ከዚህ ጠረጴዛ ቃል ጭምር ተውሷል። ዛሬ ትልልቅና የተረጋጉ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚጠራበት «ብሉ ቺፕ» የሚለው ስያሜ፣ በፖከር ከፍተኛ ዋጋ ከነበረው ሰማያዊ መቆመሪያ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1848፣ የሺካጎ የንግድ ቦርድ ተቋቋመና የእህል የወደፊት ግብይት ማዕከል ሆነ። ከጎኑም በየከተማው የዋጋ ውርርድ ቤቶች ፈሉ። በእነዚህ ቤቶች ደንበኛው የስንዴ ዋጋ ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ከባለቤቱ ጋር ይወራረዳል እንጂ አንዲት ቅንጣት ስንዴ አትሸጥም፤ አትገዛምም። ታዲያ የቦርዱም አብዛኛው ውል ሳይረከቡት የሚዘጋ ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥያቄው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ በ1905 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በጻፉት ውሳኔ፣ በሒሳብ ማቻቻል የሚዘጋ ውል በዚህ ብቻ ቁማር አይባልም አለ።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ዱቄት ፋብሪካ የስንዴ ዋጋ እንዳይወጣበት፣ አምራች ደግሞ እንዳይወርድበት ይሰጋሉ። ሁለቱ አስቀድመው ዋጋ ቢቆርጡ ስጋታቸውን ተከፋፈሉ እንጂ አዲስ ስጋት አልፈጠሩም። ቁማርተኞች ግን ካርታው ከመታደሉ በፊት ምንም ስጋት አልነበረባቸውም፤ ራሳቸው ፈጠሩት።

ይህ መስመር በወረቀት ላይ ግልጽ ቢመስልም በተግባር መደብዘዙን የሽንኩርቱ ታሪክ ያሳያል። ቪንሰንት ኮሱጋ የተባለ የኒው ዮርክ ሽንኩርት አምራች ከሺካጎው ነጋዴ ሳም ሲገል ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ በ1955 ሽንኩርት መሰብሰብ ጀመረ። በመጨረሻም በሺካጎ ከነበረው ሽንኩርት 98 በመቶ ያህሉ በእጃቸው ገባ። ቀጥሎ ሁሉንም ገበያ ላይ እናፈሰዋለን በማለት ሌሎች አምራቾችን አስፈራርተው ከፊሉን እንዲገዟቸው አደረጉ። ይህን ሲያደርጉ ግን በስውር ዋጋው ይወድቃል በሚለው ወገን ውል ይዘው ነበር። መበላሸት የጀመረውን ሽንኩርት ከከተማ አስወጥተው፣ አጽድተውና እንደገና አሽገው ሲመልሱት፣ የሚገባውን ጭነት ያየ ነጋዴ አዲስ ምርት የጎረፈ መሰለው። በነሐሴ 2.75 ዶላር ያወጣ የነበረው 23 ኪሎ ግራም ገደማ የሚይዝ ከረጢት በቀጣዩ መጋቢት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። ባዶው ከረጢት እንኳ ከዚያ ይበልጥ ያወጣ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በሚሊዮኖች ሲያተርፉ ከውሉ ጋር ምንም ንክኪ ያልነበራቸው ገበሬዎች ከሰሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1958 በሽንኩርት ላይ የወደፊት ግብይት እንዳይካሄድ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉም እስከ አሁን አልተሻረም። እርግጥ የሽንኩርት ዋጋ ከዚያም ወዲህ መውጣትና መውረዱን አልተወም። በአንድ ወቅት ተተክሎ በአንድ ጊዜ የሚደርስና ቶሎ የሚበሰብስ ምርት ያለ አሻጥርም ዋጋው ይወድቃል፤ ይህንን ለፎገራ ሽንኩርት አምራች መንገር አያስፈልግም።

ሒሳቡም የተወለደው ከቁማር ቤት ነው። ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ በ1654 የተጻጻፉት ስለ ተቋረጠ ቁማር ገንዘብ ክፍፍል ሲሆን፣ ከዚያ የተነሣው የፕሮባቢሊቲ ስሌት በኋላ የኢንሹራንስና የባንክ መሠረት ሆነ። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ በ1944 ባሳተሙት የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ፖከርን ለብቻው ተንትነዋል። በሙያው የታወቀው ግን የጆን ኬሊ የ1956 ቀመር ሳይሆን አይቀርም፦ ተጫዋቹ የተሻለ ዕድል ቢኖረውም እንኳ ካለው ገንዘብ የተወሰነውን ክፍል ብቻ ማስያዝ አለበት፤ በአንዱ ዙር ሁሉን ካስያዘ አንዲት ሽንፈት ትጨርሰዋለች። ከማሳው ከፊሉን ሩዝ፣ ከፊሉን ጓያ የሚያደርግ ገበሬ ቀመሩን ሳያይ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ በ1987 የተመሠረተው የአሜሪካው ሳስኩሃና ኩባንያም እስከ ዛሬ አዳዲስ ነጋዴዎቹን በፖከር ያሠለጥናል።

በኢትዮጵያ ዕድልና ገንዘብ የተገናኙበት መንገድ ሌላ ነው። በዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው፤ ሁሉም የከፈለውን ያህል ስለሚያገኝ ከቁማር አይቆጠርም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም ተቋቋመ። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች ደግሞ በአሠራራቸው ከእነዚያ የሺካጎ ውርርድ ቤቶች ጋር ይቀራረባሉ፤ ደንበኛው የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፤ የክፍያውን መጠን የሚቆርጠውም ቤቱ ነው።

በ2000 ዓ.ም በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ቡናና ሰሊጥን የመሳሰሉ ምርቶችን ደረጃ አውጥቶ በመጋዘን ደረሰኝ ያገበያያል። ግብይቱ የተመሠረተው በመጋዘን በገባ ምርት ላይ በመሆኑ ገና ባልበቀለ እህል መወራረድን አይጋብዝም፤ በዚያው ልክ ግን አርሶ አደሩ በዘር ወቅት የመከሩን ዋጋ እንዲያስቆርጥ አያስችለውም። አክሲዮን የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ ተከፍቷል። በዚያ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ዋጋው ቢዋዥቅበትም የአንድ ድርጅት ባለድርሻ ነው፤ ድርጅቱ ሲያተርፍ ድርሻ ይኖረዋል። የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት ዋጋ ግን አሁንም የሚቆረጠው በመፈልፈያ ቤቱ ደጅና በማሳው ዳር፣ ምርቱ ከደረሰ በኋላ ነው።