ወለተ ጴጥሮስ፣ ቆራጣና የእኛ ደረሰኝ

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የቆርቆሮ ክዳኗን አሳድሳ ስትጨርስ ሒሳቡን በመዝጋት እንዳግዝ ተጠራሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር ቆየሁ። ገንዘቡ ልክ ነበር፤ አንዲት ብር አልጎደለችም። ነገር ግን ከሰጪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የሴት ስም በጣት የሚቆጠር ነው። ለቆርቆሮው መግዣ በየሳምንቱ ከገበያ መልስ መቀነታቸውን ሲፈቱ የነበሩት ደግሞ በአብዛኛው እናቶች እንደነበሩ አካባቢው ሁሉ ያውቃል።

ጠላ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፤ እስቲ ስሜን ፈልጊልኝ» አሉኝ። ሦስቱንም ክፍያ አገኘሁት። ሁለቱ የተጻፉት በሞቱት ባለቤታቸው ስም ነው፤ ሦስተኛው በወንድ ልጃቸው። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቅ «እኛ የምንመዘግበው በአባወራ ነው፤ የቆየ ልማድ ነው» ተባልኩ። እናትዬዋም «ተዪው ልጄ፣ እሱ ያውቀዋል» ብለው ወደ ላይ አዩ።

እሱ ማወቁን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ «የቆየ ልማድ ነው» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምን ያህል ቢቆይ ነው? ከእኛ በፊት በዚህ አገር በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የኖሩ ሴቶች ስማቸው የት ተጻፈ? ይህን ስፈልግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ቆራጣ አለች።

የቆራጣዋ እናት

ቆራጣ ስትነሣ ሁላችንም የምናስበው እናታችንን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ነው። በዓሏን ኅዳር 17 ቀን እናከብራለን፤ በስሟ እንሳላለን፤ ልጆቻችንንም በስሟ ክርስትና እናስነሣለን። ሕይወቷን ከነዝርዝሩ የምናውቅ ግን ብዙ አይደለንም።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ፤ ወገኖቿ መኳንንት ነበሩ። ያገባችውም ከዐፄ ሱስንዮስ ዋና አማካሪዎች አንዱ የነበረውን መልክዐ ክርስቶስን ነው። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ።

ዘመኑ የመከራ ዘመን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ወደ መቀበል አዘነበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1622 ደግሞ በይፋ ተቀበሉ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ይህን ተቃውመው ከሸፈቱት ወገን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1617 በጦርነት ሲገደሉ መልክዐ ክርስቶስ ከንጉሡ ጋር ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ በኋላ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ይህን ሳነሣ የድሮ ጠብ ልቀሰቅስ አይደለም፤ የዛሬ ደጋፊዎቻችን ውስጥም ልዩ ልዩ ቤተ እምነት ያላቸው አሉ። የማነሣው አንዲት ባለትዳር፣ ባለጸጋ ሴት ኅሊናዋ ያልፈቀደውን ነገር እምቢ ስትል ምን እንደደረሰባት ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ከቤቷ ስትወጣ ባሏ ፈለጋት። የተሸሸገችበት አገር ሰው በእሷ ምክንያት ተዘረፈ፣ ተጎዳም። እሷም ድሆች በእኔ ምክንያት አይጥፉ ብላ ተመለሰች። ገድሏን ሳነብ ከተአምራቱ ሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ይህ ቦታ ነው። የራሷን ነፃነት ወደ ኋላ አድርጋ የማታውቃቸውን የገጠር ሰዎች ኑሮ አስቀደመች። ቆይታም እንደገና ወጣች፤ መነኰሰችም።

ከዚያ በኋላ እየዞረች ሕዝቡን የቀደመ እምነታችሁን አትተዉ ስትል አስተማረች። በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቆመች። ሊያሳምኗት ቢሞክሩም እሺ ስላላለች በስተ ምዕራብ ወዳለው ቆላ፣ ዣባይ ወደሚባል ቦታ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች። ግዞቱ ያዳክማታል ተብሎ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ተከታዮቿ እየፈለጓት መጡ፣ የመጀመሪያው ማኅበሯም እዚያው ተመሠረተ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የእምነት ነፃነት አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ሲለቁ ስደቱ አበቃ።

ማኅበሩ እንዴት ይተዳደር ነበር?

ገድሏ በሕይወት ሳለች የተመሠረቱ ሰባት ማኅበራትን ይቆጥራል። ዣባይ፣ ምጽሌና ዘጌ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በማኅበሯ መነኮሳይያት ብቻ ሳይሆኑ ወንድ መነኮሳትና ካህናትም ነበሩ፤ መኖሪያቸው የተለየ ሆኖ ሁሉም በእሷ ሥርዐት ይተዳደሩ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ወንዶችን ስታስተዳድር ማየት ለብዙዎች ከባድ ነበር፤ በየትኛው ሥልጣንሽ ነው ብለው የሞገቷት ካህናት እንደነበሩም ተጽፏል።

እኔ ይህን ታሪክ በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ነው የማነበው። ያን ሁሉ ሰው በየቀኑ ማብላት ማለት እህል መሰብሰብ፣ መፍጨት፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ማለት ነው። በሽታ በገባ ጊዜ ማኅበሩን ከነዕቃው ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ማለት ነው። ገድሉ እንደሚለው ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ ሆና ሳለ እህል ትፈጭ፣ ውሃ ትቀዳ ነበር። ንብረት የጋራ ነበር፤ ይህ የእኔ ነው፣ ያ የአንቺ ነው ማለት አልተፈቀደም። በዛሬ ቋንቋችን ስናስቀምጠው፣ መሪዋ ከአባላቱ ጋር እኩል የምትሠራበት፣ ሀብቱም በአንድ ሣጥን የሚገባበት ማኅበር ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው መሥራቿ ስትሞት ወይም ስትደክም ነው። በእኛም አካባቢ ሁለት ዕቁብ እንዲህ ሲበተን አይቻለሁ። ወለተ ጴጥሮስ ግን ተተኪዋን አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። እኅተ ክርስቶስ ከምንኩስናዋ መጀመሪያ ጀምሮ አብራት የኖረች፣ የምትመክራትና የምትገሥጻትም ጓደኛዋ ነበረች። ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አርፋ በጣና ደሴት በሬማ ስትቀበር እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ተረከበች። ከዚያም በዐፄ ፋሲል ዘመን ማኅበሩ በቆራጣ ቦታ አግኝቶ ጸና።

ቆራጣ የተፈራችና የተከበረች የመማጸኛ ደብር ሆነች። ንጉሥ የተቆጣው፣ ባላጋራ ያሳደደው ሰው ወደዚያ እየሸሸ ነፍሱን ያተርፍ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች፤ ታንኳ የሚመላለስባት፣ ቡና የሚበቅልባት። ሰው በሰላም የሚኖርበት ቦታ ገበያም እንደሚደራ የሐሙሲት ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

መዝገቡን ማን ጻፈው?

ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው ስለተጻፈ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ እሷን ከሚያውቁ የማኅበሩ ሰዎች አፍ የሰማውን ሰብስቦ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። በገድሉ የእሷና የእኅተ ክርስቶስ ብቻ ሳይሆን የሌሎች መነኮሳይያትም ስም ይገኛል። እነዚያ አረጋውያት «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ዛሬ ከእጃችን ላይ አንድ ስምና አንድ በዓል ብቻ ይቀር ነበር። ገድሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለታተመ አሁን ዓለም ሁሉ ያነበዋል።

ይህ ለአንዲት ቅድስት ብቻ የተደረገ ነው የሚል ካለ፣ በጎንደር ዘመን የነበረውን የመሬት ጽሕፈት ይመልከት። በዚያን ጊዜ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ የሚመዘገበው በአብያተ ክርስቲያናት ነበር፤ በቅዱሳት መጻሕፍቱ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ምስክር ተቆጥሮ ይጻፋል። በነዚያ ጽሑፎች ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙና ሲያወርሱ እናገኛቸዋለን። እቴጌ ምንትዋብም በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን፣ በጣና በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል፤ በናርጋ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን ፊት ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የሴት ስም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ መስፈር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ የኖረችበት ሥርዐት ነው። «የቆየ ልማድ» የሚባል ካለ ይኸኛው ይቆያል።

ያልተጻፉትም ነበሩ

ታሪክ ሲጻፍ ደግ ደጉን ብቻ መርጦ መጻፍ ሒሳብ ማጭበርበር ነው። በነዚያ የመሬት ጽሑፎች ስማቸው የሚገኘው ሴቶች በአብዛኛው የባለጸጋና የመኳንንት ወገን ናቸው። ለማገዷ፣ ለወፍጮዋ የኖረችው አገልጋይ ስሟ የለም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ በእጃቸው ሥራ አገሩን እያገለገሉ ቡዳ እየተባሉ ተገልለዋል፤ ርስት እንዳይኖራቸውም ተደርገዋል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በሚሠሩት የደንገል ታንኳ ምእመናን ወደ ገዳማቱ ሲሻገሩ፣ እነሱን ግን በማዕድ የሚያቀርባቸው አልነበረም። ይህን ያደረጉት ክርስቲያን አያቶቻችን ናቸው። በማኅበራችን ሸክላ የሚሠሩ እኅቶች አሉና በእነሱ ፊት ይህን አለማንሣት አልችልም።

ከመሬት ወደ መቀነት

የእኛን ደረሰኝ ለመረዳት ደግሞ የቅርቡን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው በመሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ገቢ ተቋረጠ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዐዋዲ የሚባለው ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ መደራጀት ጀምሮ ነበር። መሬቱ ሲሄድ የቤተ ክርስቲያን ኑሮ በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ ወደቀ።

አስተዋጽኦው ከየት ይመጣል? ከእንቁላሉ፣ ከቅቤው፣ ከጠላው፣ ከአረቄው፣ ከበርበሬው ሽያጭ ይመጣል። ሰንበቴውን የምትጋግርና የምትጠምቅ ሴት ናት። የጽዋ ማኅበሩን ድግስ የምታደርስ ሴት ናት። የጽዋ ማኅበር በየወሩ ተራ ይዞ የሚዞር፣ የታመመን የሚጠይቅ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ የተቸገረን የሚረዳ ነው፤ የእኛም የቁጠባ ማኅበር ሥሩ እዚያ ይመስለኛል። ገቢው ከመሬት ወደ ሴቶች መቀነት ሲዞር ግን መዝገቡ አብሮ አልዞረም፤ ዛሬም የሚጽፈው የአባወራውን ስም ነው።

መንግሥት እንኳ ይህን አርሟል። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል። ብዙዎቻችን ፎቶግራፋችን የተለጠፈበትን ደብተር በሣጥን አስቀምጠናል። ያ ደብተር በፍቺም በሞትም ጊዜ ስንቷን ሴት ከቤቷ ከመውጣት እንዳዳነ በየሰፈራችን አይተናል።

አንዳንድ እኅቶች «ምጽዋት በስውር ነው፤ ስም መፈለግ ውዳሴ ከንቱ አይሆንም ወይ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በስውር መስጠት የፈለገች በስውር ትስጥ፤ ዋጋዋም አይጠፋም። ደረሰኝ ከተጻፈ ግን እውነት ይጻፍበት። ባልዋ ያልሰጠውን ሰጠ ብሎ መጻፍ ትሕትና አይባልም፤ የተሳሳተ ሰነድ ነው። መዝገብ ላይ ስሟ የሌለ ሴት ስለ ገንዘቡ አወጣጥ ስትጠይቅም «አንቺን ምን አገባሽ?» ትባላለች። ስም የሚያስፈልገው ለክብር ብቻ አይደለም፤ ለመጠየቅም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየአጥቢያችን ስንከፍል ደረሰኙ በከፋይዋ ስም እንዲጻፍ በትሕትና እንጠይቅ። እኔ ያን ጊዜ ሒሳቡን የዘጋሁላቸውን አባቶች ጠይቄ ነበር፤ አንዳንዶቹ ቅር ቢላቸውም ገንዘብ ያዡ «እውነትሽን ነው» ብለው በሚቀጥለው ጥራዝ ጀመሩት። ሁለተኛ፣ ወለተ ጴጥሮስ እኅተ ክርስቶስን እንዳዘጋጀች፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እያንዳንዳቸው አንዲት ወጣት አባል አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን ያሳዩ። ሦስተኛ፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን ለአጥቢያቸው የሠሩትን እነሱ በሕይወት ሳሉ እንጻፍ።

ለዚህ የሚሆን ባለ መስመር መዝገብ ገዝቼ በቢሯችን አስቀምጫለሁ። እስከ ኅዳር 17 ድረስ እያንዳንዳችሁ የአንዲት እናት ስምና የሠሩትን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል። መጻፍ የማትችሉ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው መስመር የጠላ ሻጯን እናት ስም አስፍሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ክፍያቸውን ከነደረሰኝ ቁጥሩ።