አራት ኢንች

ቀን ቀን ከሒሳብ መዝገብ፣ ማታ ማታ ከስንኝ ጋር የምውል የማመሽ ሰው ነኝና የታረመ ነገር ሁሉ ይስበኛል። በባንክ ቤት ስሕተት አይፋቅም፤ መስመር ይሰመርበትና በትክክለኛው አጠገብ ይፈረማል። ገጣሚ ግን የሰረዘውን ቀዶ ይጥላል፤ አንባቢም ስፌቱን ሳያይ ያልፋል። ስፌቱን ሳይደብቅ አደባባይ የወጣ አንድ ሥራ ባስብ፣ ሞሪስ ማይነር የተባለችው እንግሊዛዊት መኪና ትታወሰኛለች።

ነዳፊዋ አሌክ ኢሲጎኒስ በ1906 (እ.ኤ.አ.) በሰምርኔስ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት መኪናዋ ተጠናቅቃ ለምርት ስትዘጋጅ፣ ቅርጿ ጠባብ ሆኖ ታየው። ናሙናዋንም ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለሁለት አስቈረጣት፤ ሁለቱን ገጽ እያራራቀ ሲመለከት ቆይቶ ዓይኑ የረካው በአራት ኢንች ላይ ነበር። ፓራውልቶቹ ግን አስቀድመው ተሠርተው ነበርና፣ እነርሱም መኻል ለመኻል ተቈርጠው ቍራጭ ብረት ገባባቸው። በኮፈኑ መኻል የሚወርደው ጠፍጣፋ ከፍታም የዚያው ጭማሪ ምስክር ነው።

በ1948 በለንደን ትርኢት ላይ የቀረበችው ማይነር መብራቶቿ ዝቅ ብለው ከፊት ፍርግርጓ ግራና ቀኝ የተቀመጡ፣ የፊት መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ኢሲጎኒስ ያሰበላት አዲስ ሞተር ቀርቶ 918 ሲሲ የሆነ አሮጌ ሞተር ተሰጣት። ከዚያ በኋላ የመጣውን እርማት ያዘዘው የነዳፊዋ ዓይን ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ደንብ መብራት ከፍ እንዲል ስለጠየቀ፣ በመጀመሪያ ወደዚያ በሚላኩት፣ ቀጥሎም በሁሉም ላይ መብራቶቹ ወደ ፓራፋንጎው ወጡ። በ1952 ሞሪስና ኦስቲን ሲዋሐዱ የኦስቲን 803 ሲሲ ሞተር ገባላት። በ1956 ደግሞ 948 ሲሲ ሞተር ያላት ማይነር 1000 መጣች፤ የተከፈለው መስታወትም አንድ ወጥ ሆነ።

እነዚህ ለውጦች አስፈላጊ ነበሩ፤ ሞተሩ በረታ፣ የሹፌሩ እይታ ሰፋ። ሆኖም የመጀመሪያዪቱ ማይነር ዝቅ ያለ፣ ዓይነ አፋር የሚመስል ፊት ዳግመኛ አልተመለሰም። ማረም ማትረፍ ብቻ አይደለም፤ የሚከፈል ዋጋ አለው።

በ1960 መጨረሻ አንድ ሚሊዮን የደረሰች የመጀመሪያዋ የብሪታንያ መኪና እርስዋ ናት። ምርቷ በ1971 እስኪያበቃ ድረስ ሞተሯ፣ መብራቷ፣ መስታወቷ ተለዋወጠ፤ በኮፈኗ ላይ ያለችው የአራት ኢንች ምልክት ግን አልጠፋችም። ሌሎቹን እርማቶች ሕግና ገበያ አዘዙ፤ ይህችን ያዘዘው ግን «አለቀ» የተባለ ሥራውን ለመቍረጥ ያልሳሳ አንድ ሰው ነው።

የሚወድዱትን ስንኝ ከመኻሉ መቍረጥ ምን ያህል እንደሚያም፣ የግጥም ወዳጆች ሆይ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ መቍረጡ አይደለም፤ ዓይኔ ሳይረካ «አለቀ» ብዬ የምፈርመው ነው።