ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ የጉሮሮ ሕመምን ማስታገስ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በደንብ የገባኝ እንቅርቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ 26 ጁን ወዳለችው ክፍሌ የተመለስኩ ዕለት ነው። የአንገቴ ስፌት ሳያንሰኝ ምራቅ መዋጥ እንኳ አቃተኝ። ስፌቱ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ አደርኩ። ለካ የሚጠበቅ ሕመም ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ግን አልነበረም። ተራችሁን ለምትጠብቁ ወገኖቼ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ጉሮሮ ለምን ያማል?

ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጠን መተንፈሻ ቱቦ በአፋችን በኩል፣ በድምፅ አውታሮቻችን መካከል አልፎ ይገባል። ጉሮሮ የሚከረከረውና ድምፅ የሚሻክረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ በጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ በሳምንት ገደማ ይቀላል። ማጅራት የሚያመው ደግሞ አንገት ወደ ኋላ ተዘርግቶ ስለሚቆይ ነው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መድኃኒት፦ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ችግር ያለበት ወይም ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አትደርቡ። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም ሊያፈሱ ስለሚችሉ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ምግብ፦ ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ። እኔ የሶማሌ ጎረቤቴ የምትጋግረውን ላሆህ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ነው የከረምኩት። ውኃ ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። በርበሬ፣ ቆሎ፣ የሚያቃጥል ሻይ፣ ሲጋራና ጫት ይቆዩ።

ጨውና ውኃ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ፤ አንገታችሁን ግን ወደ ኋላ አትቀልብሱ።

አተኛኘት፦ በሁለት ሦስት ትራስ ከፍ በሉ። ስትነሱ ማጅራታችሁን በእጃችሁ ደግፉ።

ድምፅ፦ አትጩኹ፤ ማንሾካሾክም ያደክማል። በቀስታ አውሩ።

ስፌቱ ላይ ቅቤ፣ ማር ወይም ቅጠል አታድርጉ።

የማያስጠብቁ ምልክቶች

አንገት በፍጥነት ካበጠ ወይም ከተወጠረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ካፏጨ፣ ውኃ እንኳ አልወርድ ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ውስጥ የፈሰሰ ደም የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ይህ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢከሰትም ዘግይቶም ይመጣል።

ከንፈርና ጣት ከነዘረ ወይም ጡንቻ ከተኮማተረ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዩ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ከስፌቱ መግል ካለም እንዲሁ። ድምፃችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተመለሰ ሐኪማችሁ ይየው።

ሶማሊኛ ለማንችል እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃል እንያዝ፦ «ማ ኔፍሰን ከሮ» ማለት መተንፈስ አልቻልኩም፣ «ሉቁንታ ኣያ ላ ኢጋ ቀለይ» ማለት ደግሞ አንገቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ ማለት ነው። የሆስፒታሉን ወረቀት ትራስ ሥር አኑሩ፤ የሚያስታምማችሁም ሰው ቦታውን ይወቅ።

የጉሮሮ ሕመም ጊዜ ይሰጣል፤ ትንፋሽ ግን አይሰጥም። የታክሲ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ የጎረቤት በር አንኳኩ።